ጣይና ጥጃ

የፀሐይዋን ሥዕል የያዘው ልጅ ከምንጣፉ ተነሥቶ ወደ ሰሌዳው ሲሄድ አላመነታም። ሰሌዳው ላይ ሦስት ሥዕሎች ለጥፌያለሁ፤ በስተግራ ስልክ፣ መካከል ላይ ጽጌረዳ፣ በስተቀኝ ጥጃ። ልጆቹ በእጃቸው ያለውን ሥዕል ስሙን እየጠሩ፣ አነሣሡ ከሚመስለው ቃል ሥር ይለጥፋሉ። ሳሙና የደረሳት ልጅ ከስልኩ ሥር ለጠፈች። ጦጣ የደረሰው ከጥጃው ሥር። የፀሐይዋ ባለቤት ግን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ስሟን ለራሱ ብቻ ጠራና ሥዕሉን ከጥጃው ሥር፣ ከጦጣዋ ጎን ለጠፈው።

«አይደለም የኔ ጌታ፣ እስቲ እንደገና አዳምጥ፤ ፀ... ሐይ» አልኩትና ሥዕሉን በገዛ እጄ አንሥቼ ከጽጌረዳዋ ሥር አደረግኩት። ልጁ ሥዕሉን አየ፣ እኔን አየ፣ ተመልሶ ተቀመጠ። ከዚያ በኋላ እስከ መውጫ ሰዓት እጁን አላወጣም።

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ አያቱ ሊወስዱት መጡ። ከመንዝ የመጡ ናቸው፤ ልጃቸው ሥራ ስትውል የልጅ ልጃቸውን የሚይዙት እሳቸው ናቸው። ቦርሳውን ተቀበሉኝ፣ ነጠላቸውን ከትከሻቸው ሳብ አድርገው አናቱ ላይ ጣል አደረጉለትና «ና እንሂድ፣ ጣይዋ ሳትበረታ» አሉት።

በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። ልጁ አልተሳሳተም ነበር። ከጡት ጋር የጠባው ቃል ጣይ ነው፤ ጣይ ደግሞ ቦታዋ ከጥጃና ከጦጣ ጋር ነው። ያልኩትን በትክክል ሠርቶ ሳለ፣ በሠላሳ ስምንት ልጆች ፊት ከቦታው ያነሣሁበት እኔ ነኝ።

መዋዕለ ሕፃናት ማስተማር ከጀመርኩ 17 ዓመት ሆነኝ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፊደል ያስተማርኩት ራሴ በተማርኩበት መንገድ ነበር፤ ገበታው ግድግዳው ላይ ይሰቀላል፣ እኔ በእንጨት እጠቁማለሁ፣ ልጆቹ በዜማ ይከተሉኛል። 33 ፊደላት በሰባት በሰባት መልክ፣ በድምሩ 231። ዜማው ያምራል፣ ልጆቹም ይወዱታል። ብዙዎቹ ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ሳይሰናከሉ ይወርዱት ነበር። ነገር ግን «ቡ»ን ለብቻዋ ካርቶን ላይ ጽፌ ሳሳያቸው ከ«በ» ጀምረው ይመጡና እሷ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። መንገዱን እንጂ ፊደሏን አያውቋትም። የቄስ ትምህርት ቤት መምህራን ይህን ከእኔ በፊት ያውቁታል፤ ተማሪው ሀ ሁን ከጨረሰ በኋላ አቡጊዳ የሚያስገቡት ለዚሁ ነው። አ ከግዕዙ፣ ቡ ከካዕቡ፣ ጊ ከሣልሱ፣ ዳ ከራብዑ እየተነሣ በሰያፍ ስለሚሄድ፣ ልጁ የለመደው ዜማ ውስጥ መደበቅ አይችልም።

አቡጊዳ ግን የዓይን መፈተኛ ነው። እኔን ያስቸገረኝ ጆሮ ነበር። ፊደላችን ተነባቢውንና አናባቢውን በአንድ ላይ አሥሮ ስለሚሰጥ፣ ለትንሽ ልጅ «በ» እና «ቡ» ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። አንድ ጊዜ «ቡናና በግ በምን ይመሳሰላሉ?» ብዬ ጠየቅኩ። አንዷ «ሁለቱም እኛ ቤት አሉ» አለችኝ። ከጎኗ ያለው ደግሞ «አይመሳሰሉም፤ ቡናው ቡ ነው፣ በጉ በ ነው» አለ፤ እንደ ገበታው ከሆነ እውነቱን ነው። ሁለቱ ከአንድ ከንፈር ግጥሚያ እንደሚነሡ ማንም አልነገረውም። ይህን ሳያውቅ ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ፊደል ቢያጠና ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ እንግዳ ሰው ስም እንደ መሸምደድ ነው። ካወቀው ግን የሚቀረው ሠላሳ ያህል ቤተሰብና ሰባት የቤተሰብ መልክ ነው።

ለዚህ የሚሆነኝን መንገድ ያገኘሁት ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ጮክ ብዬ ሳነብላቸው ነው። ልጁ ሥዕሉን ሲያይ ታሪኩን በዓይኑ ይከተለዋል፤ የተሣለው ቁራ መሆኑን ለማወቅ ጆሮው መድከም የለበትም። ጆሮው ነፃ ነው። ያን ጊዜ አንድ ድምፅ ተደጋግሞ ከመጣ ይሰማዋል፤ ከሰማው በኋላ ደግሞ ራሱ ያሳድደዋል። ፊደሉን ካርቶን ላይ ጽፌ ባሳየው ኖሮ ዓይኑ «እነዚህማ የተለያዩ ናቸው» እያለ ይከራከረው ነበር።

የእኛ ጆሮ ከጥንትም የሠለጠነው የቃልን መጨረሻ ለመስማት ነው። ግጥማችን ቤት ይመታል፤ የሠርግ ዘፈኑ፣ ፉከራው፣ የተረቱ መክፈቻ ሳይቀር መጨረሻው ላይ ይገጥማል። አራት ዓመት ያልሞላው ልጅ ቤት የሚመታ ቃል ወርውሬለት ዝም ብል ይሞላልኛል። አነሣሡን እንዲያደምጥ ግን የጠየቀው የለም። ስለዚህ ክፍል ውስጥ «በር» የምትል ቃል አስገባን፤ ቤት የሚመታው መጨረሻው ነው፣ የሚገባበት በር ደግሞ መጀመሪያው። አሁን ልጆቹ መክሰስ ሰዓት ላይ ሳይቀር «ሚስ፣ ዳቦና ድንች በአንድ በር ገቡ!» እያሉ ይጠሩኛል።

በር ማንኳኳት የምጀምረው ሊጎተቱ በሚችሉ ድምፆች ነው። ስስስስ፣ ሽሽሽሽ፣ ምምምም፣ ዝዝዝዝ፤ እነዚህን ትንፋሽ እስካለኝ ድረስ ላቆያቸው እችላለሁ፣ ልጁም ተረጋግቶ ይሰማቸዋል። በ፣ ደ፣ ተ፣ ከ፣ ጠ ግን ብልጭ ብለው ያልፋሉ፤ ለኋላ አቆያቸዋለሁ። እዚህ ላይ ሳድስ ትልቅ ባለውለታችን ናት። ድምፁን ከአናባቢው አላቅቄ ላሳይ ስፈልግ «ስ» እና «ም» ተዘጋጅተው ይጠብቁኛል። የ«አ» ቤትን ደግሞ ጨርሶ አልነካትም፤ እናት፣ አባት፣ ኢትዮጵያ ብዬ ብደረድር ልጁ የሚሰማው የተለያየ አናባቢ ብቻ ነው፣ እኔም ባስረዳው ይደክማል።

ታዲያ ምን ይነበብ? ትልቁ ችግሬ ይህ ነበር። በመደርደሪያችን ላይ ካሉት የልጆች መጻሕፍት ብዙዎቹ ከእንግሊዝኛ የተመለሱ ናቸው። ሥዕላቸው ያምራል፣ ታሪካቸውም ደግ ነው። ድምፁ ግን መንገድ ላይ ይቀራል። በእንግሊዝኛ «ቢግ ብላክ ቤር» ተብሎ ሦስቱም ቃላት በ«ብ» የሚነሡለት ድብ፣ አማርኛ ውስጥ ሲገባ «ትልቅ ጥቁር ድብ» ሆኖ ሦስት በር ያንኳኳል። ተርጓሚውን አልወቅስም፤ ትርጉሙን ነው እንጂ ድምፁን ይዞ መሻገር አይቻለውም። (ት፣ ጥ እና ድ ሦስቱም ምላስ ከጥርስ ጀርባ ስትነካ የሚወለዱ ጎረቤታሞች መሆናቸውን ያየሁት ይህን ሐረግ ደጋግሜ ሳነብ ነው፤ ለትልልቆቹ ልጆች ጥሩ ጨዋታ ወጥቶታል።)

በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የነበሩት ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ አገራቸው ተመልሰው በ1995 ዓ.ም. የሾላ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍትን ሲከፍቱ፣ ያነሡት ጥያቄ ልጅ በገዛ ቋንቋው የሚያነበው መጽሐፍ ይኑረው የሚል ነበር። እኔ ትንሽ ልጨምርበት እወዳለሁ፤ በገዛ ቋንቋው የተጻፈ ብቻ ሳይሆን በገዛ ቋንቋው የተደመጠ መጽሐፍ ይኑረው። ጸሐፊው ከመጻፉ በፊት ድምፁን በአፉ ያንከባለለው መጽሐፍ። አባባ ተስፋዬ ከአርባ ዓመት በላይ በቴሌቪዥን ልጅ ፊት ተቀምጠው ተረት ሲያወሩ ያንን ነበር የሚያደርጉት፤ ቃሉን ከመናገራቸው በፊት ጣዕሙን የቀመሱት ይመስሉ ነበር።

እስኪጻፍልን አልጠበቅንም። ካርቶን ቆርጠን፣ በመርፌና በክር ሰፍተን የራሳችንን መጽሐፍ ሠራን። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ጥቁር ቁራ አለ፤ ከሥሩ «ቁራ ቆሎ ቆረጠመ» ይላል።

እሱን ስሠራ የተማርኩት ነገር አለ፤ ለልጆች የሚጽፍ ሰው ቢሰማኝ ደስ ይለኛል። የአማርኛ ግስ በሩን የሚደብቅበት ጊዜ አለ። «ዝንጀሮው ዛፍ ላይ ይዘላል» ካልኩ መጨረሻው በ«ይ» ስለሚነሣ ልጁ ዝንጀሮንና ዛፍን ይዞ ሦስተኛውን ያጣዋል። «ዝንጀሮው ዛፍ ላይ ዘለለ» ካልኩ ግን «ዘ» ከፊት ትወጣለች። «ለ»፣ «በ»፣ «ከ» እና «የ» ደግሞ ከስሙ ፊት ሲለጠፉ ያው ናቸው፤ «ከዛፍ» ያለ ሰው በሩን በሌላ በር ሸፍኖታል። ልጁ «የበሬ በምን ይነሣል?» ተብሎ «በየ» ቢል ልክ ነው፤ ጥያቄው ነው የተበላሸው። ስለዚህ መጽሐፋችን ባለፈ ጊዜ ይተርካል፣ ቃላቱም ራቁታቸውን ይቆማሉ። ላሟ ሎሚ ላሰች። ድመቷ ድስት ደፋች። አጭር ነው፣ ግን ሦስት ጊዜ ተንኳኩቶ የማይከፈት ጆሮ አልገጠመኝም።

በመጀመሪያው ቀን ለታሪኩ ብቻ አነባለሁ። አላቆምም፣ አልጠይቅም። ጥያቄ የበዛበት ንባብ ፈተና ይሆንና ልጆቹ ከመጽሐፉ ይሸሻሉ፤ ይህን ብዙ ጊዜ አጥፍቼ ነው ያወቅኩት። በሁለተኛው ቀን ያንኑ አነባለሁ፣ ነገር ግን የቃሉ መግቢያ ላይ ድምፄን ጠበቅ አደርጋለሁ። በሦስተኛው ቀን መጽሐፉ የእነሱ ነው።

የቁራው ታሪክ በሦስተኛው ቀን እንዲህ ሆነ። ቀበሮ ቆሎውን ቀማው፤ ቀጭኔ ቁልቁል ቃኘች፤ ቁራው ባዶውን ቀረ። «አሁን ለቁራችን ምን እንስጠው? በዚያው በር የሚገባ ይሁን» አልኩ። «ቅቤ!» አለ አንዱ። «ቂጣ!» አለች ሌላዋ። «ዳቦ!» ያለም ነበር፤ ለተራበ ቁራ ዳቦ ደግ ነውና ለታሪኩ ተቀበልነው፣ በሩ ግን ሌላ እንደሆነ እሱ ራሱ ሲደግመው ሰማው። ከኋላ የምትቀመጥ፣ ድምፅዋን እምብዛም ሰምቼው የማላውቅ ልጅ አለች። «ቋንጣ» አለች፤ ቀስ ብላ።

ቋ ከሰባቱ አንዷ አይደለችም። ገበታው ላይ ከዲቃሎቹ ጋር ለብቻ ትጻፋለች፣ ብዙ ክፍል ውስጥም ዓመቱ ሲያልቅ ሳይደረስባት ይቀራል። ይህች ልጅ ገበታው ዳር ያስቀመጣትን ፊደል ከእህቶቿ ጋር አገናኘቻት፤ አንድ ፊደል ሳትጽፍ፣ በጆሮዋ ብቻ። እንባዬ መጣ።

የሰበሰብናቸውን ስቆጥር ቀበሮ ከግዕዙ፣ ቁራ ከካዕቡ፣ ቂጣ ከሣልሱ፣ ቃኘች ከራብዑ፣ ቅቤ ከሳድሱ፣ ቆሎ ከሳብዑ ተገኝተዋል። የጎደለችው ኃምሷ ቄ ብቻ ነበረች። ማንን እናምጣ ብዬ ሳስብ ያ የዳቦው ልጅ «ቄሱ ይምጡ!» ብሎ ጮኸ። ስለዚህ በመጨረሻው ገጽ ቄሱ ቀበሮን ቀጡት። ገበታውን ያን ጊዜ ነው ግድግዳው ላይ የሰቀልኩት። የ«ቀ»ን ረድፍ በጣቴ ተከትዬ ስሄድ ልጆቹ ዜማውን አልዘፈኑም። «ቀበሮ! ቁራ! ቂጣ!» እያሉ ነዋሪዎቹን ይጠሩ ጀመር።

ወላጆች አንዳንዴ ያዝኑብኛል። አንድ አባት መጥተው «ሠርግን ከሰላም ጋር አንድ ላይ አድርጋ መጣች፤ ንጉሡ ሠና እሳቱ ሰ እኮ አንድ አይደሉም» አሉኝ፤ ፊደል የሚያከብሩ ሰው ናቸው፣ አከበርኳቸው። አንድ አይደሉም፣ የሁለቱም አጻጻፍ በጊዜው ይመጣል። ጆሮ ግን ንጉሡን ከእሳቱ አይለይም። ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ጸና ፀ፣ አና ዐ እንዲሁ ናቸው። ልጅ መጀመሪያ የሰማውን ይመን፤ ያመነውን ሲጽፍ ልማዱን እናሳየዋለን። አገላብጠን መጀመሪያ ልማዱን ከጫንነው የራሱን ጆሮ መጠርጠር ይጀምራል፣ ጆሮውን የተጠራጠረ ልጅ ደግሞ ንባብ ላይ ይገምታል እንጂ አያነብም።

ጆሮው በሌላ ቋንቋ የተቃኘ ልጅም ይመጣል። አሜሪካ ተወልዳ አያቶቿ ዘንድ የመጣች ልጅ «ትጃ» ትል ነበር፤ ጥጃን። ተና ጠን አትለይም፤ በእንግሊዝኛ ውስጥ ጠ የቃል መለያ ሆኖ ስለማያገለግል ጆሮዋ ቦታ አልሠራለትም። «ጥጃ በይ» እያልኩ አላስደጋገምኳትም። መዳፏን ጉሮሮዬ ላይ አድርጌ «ተ» አልኩ፣ ከዚያ «ጠ» አልኩ። በ«ጠ» ጊዜ ጉሮሮዬ ሽቅብ ሲል በመዳፏ ተሰማት፤ ደነገጠች፣ ከዚያ ሣቀች፣ የራሷን ጉሮሮ ያዘች። «ጥጃዋ ጡት ጠባች» የሚለውን ገጽ ስንት ቀን እንዳስነበበችኝ አልቆጠርኩም። አንድ ጠዋት ሦስቱም ጠዎች ተስተካክለው ከአፏ ወጡ።

ወደ ጣይ ልመለስ። በማግሥቱ ልጆቹን ምንጣፉ ላይ ሰብስቤ ትናንት ጥፋት እንዳጠፋሁ ነገርኳቸው። ፀሐይዋን ከጽጌረዳው ሥር አንሥቼ ለልጁ ሰጠሁትና «እናንተ ቤት ስሟ ማነው?» አልኩት። መሬት መሬት እያየ «ጣይ» አለ። «ታዲያ የት ትቀመጥ?» ሮጦ ሄዶ ለጠፋት። አንዷ ልጅ ግን «እኛ ቤት ፀሐይ ናት፣ በቴሌቪዥን የምትመጣዋም ቀጭኔ ስሟ ፀሐይ ነው» ብላ ተከራከረች፤ እሷም ትክክል ናት። ሌላ ፀሐይ ሥለን ከጽጌረዳዋ ሥር ለጠፍንላት። ጠጉርና ጸጉርም እንደዚሁ ሁለት ቦታ ገቡ፤ ያንን ያገኙት እነሱ ናቸው።

አያቱን መጥተው እንዲያነቡልን ለመንኳቸው። «ኧረ ልጄ፣ እኔ ፊደል መች ቆጠርኩ» አሉ። ሥዕሉን እያዩ ብቻ እንዲያወሩ ነገርኳቸው። አንድ ዓርብ ቀን መጡ፤ በልጆቹ ትንሽ ወንበር ላይ ነጠላቸውን ሰብስበው ተቀመጡና የካርቶን መጽሐፋችንን ጭናቸው ላይ ገለጡ። የጥጃው ገጽ ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ። ላሟና ጥጃዋ ከኮረብታ ሥር ቆመዋል፣ ከኮረብታው ጫፍ ላይ ቀይ ክብ አለ። «ይኸውላችሁ» አሉ፣ «ጣይ ጠለቀች። ላሞቹ ገቡ። ጥጃዋ ጡት ጠባች።»

ይህን ገጽ ስጽፈው ፀሐይዋን የሣልኳት ለጌጥ ነበር። ጠለቀች የሚለው ቃል አልመጣልኝም፤ በእኔ ቤት የምትጠልቀው ፀሐይ ስለሆነች ሁለቱ በአንድ በር አይገቡም። በእሳቸው ግን ከጥንትም ገብተዋል። ምንጣፉ ላይ አንድ አፍታ ዝም ተባለ፤ ከዚያ ልጁ ከሁሉ ቀድሞ «ሚስ፣ ጣይ ጠለቀች!» ብሎ ተነሣ፣ ሌሎቹ ተቀበሉት፣ አያቱ ምን እንዳደረጉ ሳይገባቸው አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ሣቁ።

ገጹን ዳግመኛ ጻፍኩት። «ጣይ ጠለቀች፤ ጥጃዋ ጡት ጠባች።» በዚያ ሳምንት መጽሐፉን ቤት ይዞ የማደር ተራው የልጁ ነበር። ሰኞ መልሶ ሲያመጣው ገጹ ዳር ላይ የወጥ ነጠብጣብ አለ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በእርሳስ የተሣለች ጅራተ ረጅም ጦጣ ተጨምራለች።